ዐረብኛውን ዘጠነኛ ክፍል ደጃፍ ላይ አንጣለው



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሐቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! መስከረም በጠባ ቁጥር በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልጁ ስምንተኛ ክፍልን አጠናቆ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል። ትምህርቱ ይከብዳል፤ ሂሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ የቤት ሥራው ይበዛል። ታዲያ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመድረሳ ሲማረው የኖረው ዐረብኛ ምን ይሁን? ይቀጥል ወይስ ይቁም? አብዛኛውን ጊዜ በጉዳዩ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ አይመክርበትም። ልጁ አንድ ቀን ከመድረሳ ይቀራል፤ በማግስቱም ይቀራል፤ በዚያው ይረሳል። እንዲህ ሆኖ አንድ ትልቅ ውሳኔ ማንም ሳይወስነው ይፈጸማል።

ይህን የምጽፍላችሁ በመተማ ቆላ በመድረሳ ልጆችን በማስተምርባቸው ዓመታት ካየሁት በመነሳት ነው። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጅማ ወይም ጎንደር ያላችሁ አንባቢያን፣ «መተማማ የዐረብኛ ጎረቤት ናት፤ እዚያ ምን ችግር አለ?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ በዚህ ጎልቶ ይታያል እንጂ የእናንተም ቤት ችግር ነው።

መተማ ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት ጦርነት ነው። ነገር ግን መተማ የጦር ሜዳ ከመሆኗ በፊት ገበያ ነበረች። የጎንደር ጀበርቲ ነጋዴዎች ቡናውን፣ ሰሙን፣ ወርቁን፣ አዎን፣ ያሳዝናል እንጂ ሰውንም ጭምር፣ ይዘው ወደ ሱዳን የሚሻገሩት በዚህች በር ነበር። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ተነስተው በመንገድ የቀሩት ተክሩሪዎች የሰፈሩትም በዚሁ ነው። አማርኛና ዐረብኛ ተገናኝተው የሚዋዋሉባት ቦታ እንደነበረች ሁሉ ዛሬም ገንዳ ውሃን አልፎ ኮኪትን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የደረሰ መንገደኛ ከማዶ ጋላባትን ያያል፤ በጆሮውም ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። ሰሊጡ፣ ጥጡና ማሽላው በሁለቱም ቋንቋ ይሸጣል፤ ይለወጣል።

ታዲያ የመተማ ልጅ ዐረብኛን ከመድረሳ በፊት ከገበያ ይለምዳል። ይህ የአላህ ጸጋ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጸጋ አንድ ፈተና ይወለዳል። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ፣ «ዐረብኛ እኮ አውቃለሁ፤ ከነሕው ጋር ምን አታገለኝ?» ይላል። አባቱም «እውነቱን ነው፤ ከሱዳኖቹ ጋር እንደ ውሃ ይናገራል» ብሎ ያጸድቅለታል።

እስኪ እንመርምረው። ከማዶ ያለው ነጋዴ «እፈልጋለሁ» ለማለት «ዳይር» ይላል፤ መጽሐፉ ግን «ኡሪድ» ነው የሚለው። «ምን?» ብሎ ለመጠየቅ «ሺኑ» ይላል፤ መጽሐፉ «ማዛ» ይላል። «አሁን» ለማለት «ሀሳ» ይላል፤ መጽሐፉ «አል-ኣን» ይላል። የገበያው ቋንቋ ነውር የለበትም፤ ሕዝብ የሚኖርበት ቋንቋ ነው። ሆኖም በእርሱ ብቻ ቁርኣን አይፈታም፤ ሐዲስ አይነበብም፤ ውል አይመረመርም። ጆሮና ምላስ የሚያውቁት ዐረብኛ ሌላ ነው፤ ዓይን የሚያውቀውም ሌላ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ከዘጠነኛ ክፍል መድረሳውን የተወ አንድ ወጣት ከማዶ ላለ ነጋዴ በሰሊጥ ጫኝነት ሊሠራ ተዋዋለ። ዐረብኛ ሲናገር ሱዳኖቹ ራሳቸው «የእኛው ልጅ ነህ» እስኪሉት ድረስ ነው። ሥራ ሲጀምር ገንዘብ ተሰጠው፤ ወረቀትም ፈረመ። የሰሊጡ ወራት ሲያበቃ ሒሳቡ አልገጥም ስላለው ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። «ኡስታዝ፣ እስኪ ያንብቡልኝ፤ ደሞዜን በቅድሚያ ነበር የሰጡኝ» አለኝ። አነበብኩለት። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ኡጅራ»፣ ማለትም የሥራ ዋጋ፣ አልነበረም። «ቀርድ» ነበር፤ ብድር። ልጁ ሁለቱንም ቃላት አፉ ላይ አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ ወረቀት ላይ ግን አንዱን ከሌላው አልለየም። ሽማግሌ ገብቶ ከፊሉ ቢተውለትም የአንድ ወራት ልፋቱ በብድር መክፈያ ሄደ።

ወገኖቼ! ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ምን እንደሚናገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? በሱረቱል በቀራ የሚገኘው ይህ አንቀጽ ስለ ዕዳ ጽሕፈት ነው! ጌታችን አማኞች እስከ ተወሰነ ጊዜ ሲበዳደሩ እንዲጽፉት፣ ጸሐፊውም በመካከላቸው በትክክል እንዲጽፍ፣ አላህ እንዳሳወቀው ከመጻፍ እንቢ እንዳይል፣ ዕዳው ትንሽም ሆነ ትልቅ ከመጻፍ እንዳይሰለቹ ያዛል። ባለ ዕዳው ደካማ ወይም ቃሉን ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ደግሞ ጠባቂው በፍትሕ ያስጽፍለት ይላል። የሰውን ሐቅ ለመጠበቅ ሲባል ይህን ያህል ስለ ጽሑፍ የተናገረ ዲን ተከታዮች፣ ልጆቻችንን ማንበብ የማይችሉትን ወረቀት እንዲፈርሙ ለቀን ስንሰድ ምን እንባላለን? መተማ ደላላ የሚመላለስባት በር ናት። ወደ ሱዳን፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሊቢያ የሚወስደው የስደት ጎዳና በዚህ ያልፋል። የገበያ ዐረብኛ ብቻ ያለው ወጣት ቋንቋ የማያውቅ ያህል አይፈራም፤ እንደሚያውቅ ያህልም አይጠነቀቅም። በዐረብ አገር በሰው ቤት ለመሥራት የሚሄዱ እህቶቻችንም የሚፈርሙት ወረቀት በዐረብኛ የተጻፈ መሆኑን አንርሳ።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ክርክር እንምጣ፤ ምክንያቱም ክርክሩ ቀላል አይደለም። በቅርቡ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ኡስታዝ፣ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውን ሳትይዝ ዐረብኛ ብትጨምርባት ሁለቱንም ታጣለች ብዬ ፈራሁ። ዲኗን አትተውም፤ ቋንቋውን ግን ብትተው ምን አለበት?» የእኚህ እናት ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይማሩታል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱም የመማሪያ ቋንቋቸው ይሆናል። ሆኖም የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲገለጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ፈተናም 5.4 በመቶ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጠባብ በር ልጇን ለማሳለፍ የምትጨነቅን እናት «ኢማንሽ ደካማ ነው» ብሎ መዝለፍ ግፍ ነው።

እንግሊዝኛን እንደ ባዕድና እንደ ርኩስ ቋንቋ አድርገው የሚያዩ ወገኖችም አሉ። እነዚህንም ሱናው አይደግፋቸውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት። ለምን? ከእነርሱ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነብ፣ ወደ እነርሱ የሚላከውንም የሚጽፍ ከራሳቸው ወገን የሆነ ታማኝ ሰው ስላስፈለጋቸው ነው። ዘይድም ግማሽ ወር ሳይሞላው እንደተማረው ተዘግቧል። ዘይድ ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ ከዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ዕድሜ ብዙም አይርቅም። ኋላም ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የመሰብሰቡ ከባድ አደራ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን የተሰጠው ለእርሱ ነበር። የሌላ ሕዝብ ጽሕፈት መማሩ ከቁርኣን አላራቀውም።

ከዚህ ይበልጥ ለእኛ ለሐበሾች ልብ የሚቀርብ ሌላ ዘገባ አለ። ወላጆቿ ወደ አገራችን ተሰድደው ሳሉ እዚሁ የተወለደችው ኡሙ ኻሊድ በልጅነቷ ወደ መዲና በተመለሰች ጊዜ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ልብስ አለበሷትና «ሰናህ» አሏት። ይህ በሐበሾች ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው፤ የግእዙን «ሠናይ» የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ቡኻሪ የዘገበው ነው። ቁርኣን በዐረብኛ የወረደላቸው ነቢይ አንዲትን ሕፃን ለማስደሰት የእኛን ቃል ተጠቀሙ! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከተአምራቱ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። ስለዚህ ቋንቋን በቋንቋ ማንቋሸሽ የዲን ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው «እንግሊዝኛ ወይስ ዐረብኛ?» ተብሎ ሲቀርብ ከመነሻው ተሳስቷል። ትክክለኛው ጥያቄ «ዐረብኛው በምን ያህል ሰዓትና በምን ዓይነት አያያዝ ይቀጥል?» የሚለው ነው። ይቀጥል የምልበትን ምክንያት በሦስት ከፍዬ ላቅርብ።

አንደኛ፦ የዲን ግዴታ ነው። ኢማሙ ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) «አር-ሪሳላ» በተሰኘው ኪታባቸው እያንዳንዱ ሙስሊም አቅሙ የፈቀደውን ያህል ዐረብኛን መማር እንዳለበት አስተምረዋል። በአምስቱ ወቅት ሶላት አሥራ ሰባት ረከዓ አለ። ልጃችን ግዴታውን ብቻ ቢሰግድ እንኳ በቀን አሥራ ሰባት ጊዜ ፋቲሓን ይቀራል። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ከጌታው ጋር በቀን አሥራ ሰባት ጊዜ የሚነጋገርበትን ቃል ትርጉም ካላወቀ፣ በሂሳብና በፊዚክስ ቢበረታም አንድ ነገር ጎድሎታል። እርግጥ ነው፣ ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታትሞልናል፤ አላህ ይመንዳቸው። ግን ያንን ትርጉም ሊያዘጋጁልን የቻሉት ሁለቱንም ቋንቋ አጥብቀው በመያዛቸው ነው። ሸኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈርና የወሎ ዑለሞች በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ መንዙማ ጽፈው ሕዝቡን ያስተማሩትም እንዲሁ ነው። ዐረብኛውን ሁላችንም ከተውነው ነገ የሚተረጉምልን ማን ነው?

ሁለተኛ፦ የዕድሜው ጉዳይ ነው። ሕፃን ልጅ ፊደልና ቂራኣት ይይዛል፤ በቃሉ ያጠናል። ቋንቋው እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን አንዱ ቃል በዶማ ሌላው በፈትሐ እንደሚያልቅ የሚገባው ግን አእምሮው ሲበስል ነው። ይህም የሚሆነው በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ዕድሜ ነው። ያን ጊዜ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሰዋስው ተምሯል፤ ባለቤትና ተሳቢ ምን እንደሆኑ ያውቃል፤ ኣጅሩሚያ አይከብደውም። ከአማርኛው የሚያገኘው እርዳታም ቀላል አይደለም፤ ራስ፣ ዓይን፣ ነፍስ፣ ቤት፣ ሞት የሚሉት ቃላት በዐረብኛ ዘመዶች አሏቸው። እኛ ግን ስምንት ዓመት የዘራነውን እሸቱ ሲደርስ ጥለነው እንሄዳለን። የቆላ ገበሬ ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል እርሻውን ትቶ ቢሄድ ምን እንለው ነበር?

ሦስተኛ፦ የዱንያ ጥቅምም አለው። ዐረብኛ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ይሠራበታል። በራሳችን አገር «አል-ዓለም» የተባለው ጋዜጣ በዐረብኛ ሲታተም ኖሯል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕፃን ታቅፈው፣ በሽተኛ ደግፈው በመተማ በኩል ገቡ። ሐኪሙ ዐረብኛ አያውቅም፤ የውጭ አገር እርዳታ ሰጪው እንግሊዝኛ እንጂ ሌላ አይናገርም፤ ሱዳናዊቷ እናት ደግሞ ከዐረብኛ በቀር የላትም። ያን ጊዜ የተፈለገው ዐረብኛም እንግሊዝኛም የሚያነብ ወጣት ነበር። የገበያ ዐረብኛ ያለው «ሆዷን አሟታል» ማለት ቻለ፤ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቦ ምን ያህልና በየስንት ሰዓቱ እንደምትወስድ ያስረዳት ግን በሁለቱም ቋንቋ የተማረው ነበር። ተሰድደው ለመጡት ሰሐቦች አንድ ጊዜ በሯን የከፈተች አገር ልጆች፣ ተሰዳጅን በቋንቋው ለመቀበል ከሌላው ይልቅ መቅደም አይገባንምን?

ታዲያ ምን ይደረግ? ለወላጆች የምለው ይህ ነው። ልጁን ሳታማክሩ «ቀጥል» ወይም «ተው» አትበሉት። ዲናችን የሹራ ዲን ነው። ምን እንደከበደው፣ ምን እንደሚወደው፣ ነገ ምን መሆን እንደሚሻ ጠይቁት። ከዚያም ሰዓቱን ቁጠሩ። በሳምንት 168 ሰዓት አለ። ከዚህ ውስጥ ሦስቱን፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለዐረብኛ መስጠት እንግሊዝኛውን አይገድለውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በደረሰበት ዓመት ወደ አንድ ሰዓት ይውረድ፤ አንድ ገጽ ብቻ ይነበብ። ክሩ ይቅጠን እንጂ አይበጠስ። ሴት ልጆቻችን የሚቀሩት በብዛት ትምህርቱ ከመግሪብ በኋላ ስለሚሆንና መንገዱ ስለሚያሰጋ ነው፤ ሰዓቱን ወደ ጧት ማዛወር ያለብን እኛ ነን።

ለመድረሳ ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደ ሕፃን እየተገሠጸ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ እየተቀመጠ አይማርም። የራሱ ክፍል ይኑረው። የትምህርት ቤቱ ፈተና የሚሰጥበትን ሳምንት ጠይቀን እናሳርፈው። ከቃል ጥናት ጋር ንባብና ጽሕፈት ይስጠው፤ ውል፣ ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ዜና ያንብብ። ሲሳሳት አናሳፍረው። የነሕው ኢማም የሆነው ሲበወይህ ፋርስ ነበር። ሐዲስ ሲቀራ የቋንቋ ስሕተት ሠርቶ በሸኹ ፊት መታረሙ ወደ ነሕው እንደመራው ይተረካል። ኀፍረቱ አላባረረውም፤ ወደ ኸሊል ዘንድ ሄዶ ተማረ፤ እስከ ዛሬ ዐረቦች ራሳቸው ሰዋስዋቸውን ከእርሱ ኪታብ ይማራሉ።

አንተ ተማሪ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ! ዐረብኛ ላይ ስትቀመጡ ኒያችሁን አስተካክሉ። «ሰው ሐፊዝ ይበለኝ» ወይም «ሱዳን ሄጄ ገንዘብ ልሥራ» ብቻ ከሆነ አስቸጋሪው ምዕራፍ ሲመጣ ትተዉታላችሁ። የጌታዬን ቃል ልረዳ፣ የወገኔን ሐቅ ልጠብቅ ካላችሁ ግን እያንዳንዷ ገጽ ዒባዳ ትሆናለች። እንግሊዝኛውንም በዚሁ ኒያ ያዙት፤ ዘይድ ኢብኑ ሳቢት እንዳደረገው። ከልባችሁ መርምራችሁ በዚህ ዓመት አልችልም ካላችሁም ለወላጆቻችሁና ለኡስታዛችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ የምትመለሱበትንም ቀን ወስኑ። በዝምታ መጥፋት ግን አይገባም።

በመጨረሻም በከተማ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ ስለ ዕዳ ጽሕፈት የተናገረው ያ አንቀጽ ማንበብና መጻፍ የቻለውን ሰው «አላህ እንዳሳወቀህ ከመጻፍ እንቢ አትበል» በሚል ትእዛዝ ይይዘዋል። ዐረብኛውን የያዛችሁ ለሌላው አስተምሩ፤ ለማያነበው ወረቀቱን አንብቡለት። ያልያዛችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ እንዳያጡት ጠብቁ። በየአካባቢያችሁ ካለው መድረሳ ሂዱና ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ከመዝገብ የጠፉትን ልጆች ስም ጠይቁ፤ አንድ በአንድም ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጥሯቸው። አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው፤ ሐቃቸውን የሚጠብቁ፣ የሌላውንም የማያጎድሉ ያድርጋቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።